በሐባ የሚመርቀው ሙሐረም

ሙሐረም ዱዓው ይደርሳል ይላሉ። ዓሪዳ ላይ ፍየል ከሚያግደው ጀምሮ ፈይፋ ተራራ ላይ ድንጋይ እስከሚሸከመው ድረስ፣ ሐበሻ የተባለ ሁሉ ይሄንኑ ይደግማል። እኔ ይሄን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የሙሐረም ዱዓ የት እንደሚደርስ፣ ማንን ይዞ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ከወሰዳቸው አንዱ ወንድሜ ሀምዛ ነው። ሌላው ሰው ወሬውን አሳምሮ ሳይጨርሰው እኔ ልናገር።

ኑሪያ እባላለሁ፤ የባቲ ልጅ ነኝ። እንደ ብዙው ሰው በባሕር ተሻግሬ፣ የመንን በእግሬ አቋርጬ፣ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ነው እዚህ የገባሁት። የምሠራው ዓሪዳ ውስጥ፣ ከየመን ድንበር ብዙም በማይርቅ ኮረብታ ላይ፣ በግና ፍየል የሚያረባ አንድ ሽማግሌ ቤት ነው። ሚስቱን ማማ እላታለሁ። ደስ ሲላት ኑራ ትለኛለች፤ ሲከፋት ስሜን ትረሳዋለች። ከቤቱ ጀርባ ሐውሽ አለ፤ ሐውሽ የሚሉት የከብቱን በረት ነው፤ ጥጉ ላይ በቆርቆሮ የተከለለ ማደሪያ አለው። ሥራ ያጡትም ሥራ የሚጠብቁትም የሀገሬ ልጆች እዚያ ያርፋሉ። በረቱን በነጻ ስለሚጠርጉለት ሽማግሌው አይቶ እንዳላየ ያልፋል። እኔም ከማማ ወጥ ቤት የተረፈውን ሩዝ እወስድላቸዋለሁ፤ ካልተረፈም እቀቅልላቸዋለሁ።

ሰውየውን ከመስደቤ በፊት የነበረውን ልናገር፤ ሐቁ ይቅደም።

የሙሐረም አባት ከሐርቡ ወዲያ ባለ ገጠር የታወቁ መራቂ ነበሩ። እኛ ጋ ዝናብ ሲጠፋ፣ ሰው ሲታመም፣ ልጅ መንገድ ሲነሳ ወዳጃ ይቀመጣል፤ መንደሩ ተሰብስቦ፣ ጫቱ ተይዞ፣ ዱዓ ይደረጋል። ጫቱ ከመቀንጠሱ በፊት መራቂው ይመርቃል፣ ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይላል። ሙሐረም ሼህ አይደለም፤ ኪታብም አልቀራም። የአባቱን አፍ ግን ወርሷል። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሲመርቅ አይቸኩልም፤ ቃሉን አንዱን ካንዱ አስደግፎ ያወርደዋል። እዚህም መጥቶ ድምፁ በሰመረለት አንድ ቀን ሲመርቅ ሰምቼው፣ ድስት ላማስል ሄጄ ድስቱን ረስቼ ቆሜ ቀርቻለሁ። ይሄን አልክድም።

እዚህ አገር ሲገባ ሥራ ያገኘው ፈይፋ ነው። ፈይፋ ተራራው በእርከን የተቆራረጠ፣ በየእርከኑ ቡና የተተከለበት አገር ነው። ዝናብ ሲወርድ ካቡ ይናዳል፤ የሚመልሰው ሐበሻ ነው። መኪና ስለማይደርስ ድንጋዩ በጀርባ ይወጣል። ሙሐረም ካብ የሚያውቅ፣ ሥራ የማይመርጥ ሰው ነበር፤ አሠሪዎቹ ስሙን ጠርተው ይፈልጉት እንደነበር አብረውት የሠሩት ነግረውኛል። ከዚያ ወገቡ ተያዘ። ጎንበስ ሲል ቀና ማለት፣ ቀና ሲል ጎንበስ ማለት አቃተው።

የካቡ አለቃ፣ ሙዐለም የሚሉት የመናዊ፣ መቀመጡን አይቶ ከኪሱ አንድ ነጭ ኪኒን አወጣለት።

«ኹድ፣ ሐባ» አለው። ውሰድ ማለቱ ነው።

«ሐባው ምንድን ነው?»

«ደዋ።» መድኃኒት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። በዐረብኛ ሐባ ፍሬ ነው፤ የስንዴውም ፍሬ ሐባ ነው፣ ኪኒኑም ሐባ ነው። የወሎ ሰው ጆሮ ውስጥ ግን ሐባ ሲባል የሚመጣው ሐበሱዳ ነው፤ ጥቁር አዝሙድ። ከሞት በቀር የማያድነው የለም ተብሎ ያደግንበት ነገር ነው። ራስ ሲያም ሐበሱዳ፣ ሆድ ሲነፋ ሐበሱዳ፣ ሕፃን አልተኛ ሲል ሐበሱዳ። ሙሐረም ሐባ እና መድኃኒት የሚሉትን ሁለት ቃላት አንድ ላይ ሲሰማ ሌላ ነገር አልጠየቀም። ቢስሚላህ ብሎ ዋጠው።

ወገቡ ተረሳ። ረኃቡ ተረሳ። እንቅልፉም አብሮ ተረሳ። የሌሎችን ድንጋይ ሳይቀር ተሸክሞ ዋለ። ማታ ጓደኞቹ ምን ሆንክ ሲሉት፣ በዚያ በሚታመነው አፉ እንዲህ አላቸው፦ «ያው የሀገራችን ሐበሱዳ ነው። እዚህ ፋብሪካ ገብቶ ነጣ እንጂ።»

ሌላ ሰው ቢለው ይስቁበት ነበር። ሙሐረም ስላለው ዋጡት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ጠጅ ላለመንካት ዕድሜውን ሙሉ የተጠነቀቀ ሰው፣ ሐራም ሐላሉን ሲለይ የኖረ ሰው፣ አንድ ቃል ከሀገሩ ቃል ጋር ስለተመሳሰለለት ብቻ ያን መርዝ ቢስሚላህ እያለ ዋጠ፣ አስዋጠ። የመናዊውስ አልዋሸም፤ ነጋዴ ነው፣ ከሠራተኛው ጉልበት ሊያወጣ ፈልጎ አወጣ። የኛዎቹ ናቸው ቡራኬ የጨመሩበት። ደጋግመው ሲውጡት መድኃኒት አለመሆኑን ሁሉም ገባቸው፤ ያኔ ግን መተው ሌላ ነገር ሆኖ ነበር።

ሙሐረም ወደ ሐውሻችን ሲመጣ ከፈይፋ ተባሮ ነው። እኔ ያየሁት ሰው ከወሬው ጋር አይገናኝም ነበር። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጥርሱን ሲያፋጭ ከወጥ ቤት ይሰማኛል፤ የከንፈሩን ውስጥ አኝኮ አኝኮ አቁስሎታል። ሩዝ ሳቀርብለት በጣቱ ወዲያ ወዲህ ይገፋዋል እንጂ አይጎርስም። በጎቹ ሲያስነጥሱ ፖሊስ መጣ ብሎ ከግርግም ሥር ይገባል። ሐባው ሲያልቅበት ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል፤ እንደ በሬ ይተኛል፣ ተነስቶ እንደ ሕፃን ያለቅሳል፣ ከዚያ ኪሱን ይፈትሻል። የሌላውንም ኪስ ይፈትሻል። አንድ ቀን የማማን ግቢ ስጠርግ የዋልኩበትን ጓንት እንኳ ገልብጦ ሲያይ ደረስኩበት። «አያ ሙሐረም፣ ጓንት ውስጥ ምን አጣህ?» ብለው ጓንቱን መልሶ አስቀመጠው።

በዚህ ላይ ሙሳ መጣ።

ሙሳ የኛው ሰው ነው፤ የከሚሴ ልጅ። ነጭ ቶብ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ይመጣል፤ ደላላ ነኝ አይልም፣ ወንድማችሁ ነኝ ነው የሚለው። ሥራው ወረቀት የሌላቸውን ልጆች ሰብስቦ ወደ ድንበሩ ተራራ መላክ ነው። ከወዲያ ማዶ ጭነት ይቀበላሉ፣ በጀርባቸው ተሸክመው በገደሉ ይመለሳሉ። ላዩ ጫት ነው፤ ጫትም ራሱ እዚህ አገር እንደ ሌላው ዕፅ ክልክል ነው። ከጫቱ መሐል የተጠቀለለውን ግን ተሸካሚውም አይጠይቅ፣ ሙሳም አይናገር። ያን ገደል ጭነት ተሸክሞ ሳይተኙ ለመውጣት ሐባ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሐባ የሚሸከሙት ሐባ እየበሉ ነው የሚሸከሙት። ጭራሹን ላሚቱን በራሷ ወተት መቀለብ ማለት ነው።

የሙሳ ችግር ፍርሃት ነበር። ልጆቹ ገደሉን ያውቁታል፤ ሄዶ የቀረውን ስም ያውቃሉ። ቃል ገብተው ቀኑ ሲደርስ ይደበቁበታል። ሙሐረምን ባየ ጊዜ ታዲያ ዓይኑ በራ። «አያ፣ አፍህ ወርቅ ነው» አለው። «ልጆቹ ልባቸው እንዲጸና ሁለት ቃል በላቸው። አንተንም አንረሳህም።» አለመርሳት ማለት ሐባ ነበር። ሙሐረም ከዚያ ወዲህ ተሸካሚ በሚነሳ ቁጥር ይመርቃል፤ ሲጨርስ ሙሳ ይሰጠዋል። ሳይሰጠው የጀመረ ቀን ድምፁ ይሰባበራል፣ ቃሉ ይጠፋበታል። የቀመሰ ቀን ያ የድሮው ሙሐረም ነው። ምርቃትና ምርቃና ድሮም ለጆሮ ይቀራረባሉ፤ እሱ ጋ ሲደርሱ አንድ ሆኑ።

ልጆቹም ወደዱት። የወሎው ልጅ ይወደው፣ ግድ የለም፣ አድጎበታል። ክብሮም የሚባል የዓድዋ ልጅ ሳይቀር፣ አንገቱ ላይ ማተብ አስሮ፣ መዳፉን ዘርግቶ አሜን ይላል። ምነው ስለው፣ «ኑሪያ፣ እዚህ አገር ማን ሊመርቀኝ ነው?» አለኝ።

ወንድሜ ሀምዛ ጡዋል ነበር። ጡዋል የድንበሩ መተላለፊያ ነው፤ መኪና ሲኖር ጭነት ማራገፍ አለ፣ ሳይኖር አጥር ሥር መቀመጥ ነው። ሀምዛ ታናሼ ነው። ከኔ በኋላ በዚያው ባሕር የመጣው የኔን ፎቶ አይቶ ነው ብላ እናቴ ስትቀልድ ትኖራለች። ሥራው ሲቀዘቅዝ ወደኔ መጣ። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ወሬውን ነው። ቁጥብ ልጅ ነበር፣ አሁን አፉ አይዘጋም፤ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። ቀጥሎ ሳህኑን አየሁ። አልተነካም። ከዚያ ጥርሱ ሲፋጭ ሰማሁ።

«ሀምዛ፣ ሐባ ትውጣለህ?»

«መኪና ላይ ስንሠራ ነው እቴ። ሁሉም ሰው ይወስዳል። ኸላስ፣ ትቻለሁ።»

አልተወም። ከሙሳ ጋር ሊወጣ እንደተስማማም በዚያው ሳምንት ሰማሁ። ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ የባቲ ገበያ የሚሰማው ጩኸት ጮህኩበት። ልቡ አልተነቃነቀም። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። እናቴ ሀምዛን «መንገድ ስትነሳ ሳትመረቅ እንዳትወጣ» ብላ አስምላዋለች። ምን መንገድ እንደሆነ አታውቅም፤ ሌላ ከተማ ለሥራ ይመስላታል። እሱ ደግሞ ሌላውን መሐላ ሁሉ ቢበላ የእናቱን አይበላም። ሙሐረም ካልመረቀው ይቀራል ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

ሙሐረምን በረቱን ሲጠርግ አገኘሁት። ሐባ ያጣበት ቀን ነበር፤ መጥረጊያውን ተደግፎ ቆሟል።

«አያ ሙሐረም፣ ሀምዛን እንዳትመርቅብኝ።»

«ምርቃት ይከለከላል እንዴ ኑሬ?»

«የአንተው ይከለከላል። ካልመረቅከው አይሄድም።»

«እኔ እኮ ሂዱ አልላቸውም። በሰላም ግቡ ነው የምላቸው።»

«በአባትህ ይዤሃለሁ። አባትህ በሕይወት ቢኖሩ ለሙሳ ይመርቁ ነበር?»

የአባቱ ስም ሲነሳ ፊቱ ተለወጠ። መጥረጊያውን አስቀመጠ፤ ከአፈሩ ላይ ተቀመጠ። «ወላሂ አልመርቀውም» አለኝ። ቀጥሎ ሐባውንም እተወዋለሁ አለ። የማማ ባል ፍየል ያረደ ቀን ነበርና ሾርባ አመጣሁለት። ጠጣ። ተኛ። በነጋታውም፣ ከዚያም በኋላ ተኛ፤ ሲነቃ ላቡ ልብሱን አርሶት ይንቀጠቀጣል፤ ሾርባ እሰጠዋለሁ፣ መልሶ ይተኛል። አንድ ጠዋት እኔ ሳልጠራው ተነስቶ ፊቱን ታጥቦ ዳቦ ጠየቀኝ። ደስታዬን ልደብቅ አልችልም። ይሄ ሰው ከዳነ ሀምዛም ይድናል ብዬ፣ ለእናቴ ደውዬ ያለ ምክንያት ሳቅኩ።

ሙሳ ልጆቹን ሊወስድ የመጣው በዚያው ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ፀሐይዋ ገና አልወረደችም። ልጆቹ በሐውሹ መሐል፣ ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ሀምዛ ከክብሮም ጎን ነው። እኔ ውኃ ልሰጣቸው ጀሪካን ይዤ ብቅ ስል ሙሐረም ከማደሪያው ወጣ። ፀጉሩን አርጥቦ አበጥሮታል። ዓይኑን አየሁት፤ ፈጥጧል፣ ያበራል። ከኋላው ሙሳ ወጣ። ነገሩ ገባኝ። ጠዋት ዳቦ የጠየቀኝ ሰውዬ ከሰዓት በአንዲት ፍሬ ተሸጠ።

ተቀመጠ። መዳፎች ተዘረጉ። ጀመረ።

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ።»

«አሚን።»

«እግራችሁን ከእንቅፋት፣ ስማችሁን ከክፉ አፍ ይጠብቅላችሁ።»

«አሚን።»

«የምትመለሱበትን ደጅ አይዝጋባችሁ። እናታችሁ ስትጠራችሁ አቤት የምትሉ ያድርጋችሁ።»

«አሚን።»

ያ የተረገመ አፉ ያምር ነበር። ሀምዛ መዳፉን ዘርግቶ አሚን ሲል አየሁ። ጀሪካኑን ጣልኩት። ክቡ ውስጥ ገባሁ፤ እጆቼን ዘረጋሁና መዳፎቼን ወደ መሬት ገለበጥኳቸው። ይሄን የወሎ ሰው ይፈራዋል። በምርቃት መሐል መዳፍ ከተገለበጠ ምርቃቱ ተገለበጠ ማለት ነው። አሚኑ ተቋረጠ። አንዳንዶቹ እጃቸውን ወደ ጉያቸው ሰበሰቡ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አለ ሙሳ።

«አንተን አላናገርኩም። አያ ሙሐረም፣ ንገራቸው። ይሄን ምርቃት ማን ነው የሚከፍልህ? በምን? ንገራቸው።»

ሙሐረም መሬት መሬቱን አየ። ይዋሻል ብዬ ነበር፤ አልዋሸም። «ልጆች» አለ፤ ድምፁ ከዚያ ከሚመርቅበት ድምፅ ወርዶ ተራ ድምፅ ሆነ። «ኑሪያ ልክ ናት። እኔ ዱዓዬ አይደርስም። ሙሳ ሐባ ሲሰጠኝ እመርቃለሁ፤ ካልሰጠኝ አልችልም። አሁንም ሰጥቶኝ ነው። ለዚህች ልጅ በአባቴ ስም የማልኩትንም በላሁ።»

አለቀ አልኩ። ይነሳሉ፣ ይበተናሉ፣ ሙሳን ይረግሙታል፣ ሀምዛ ወደኔ ይመጣል። ማንም አልተነሳም።

ክብሮም ነው የተናገረው፤ በቀስታ። «እናውቃለን ኑሪያ።»

«ምኑን ነው የምታውቁት?»

«ሁሉንም። ሁላችንም እናውቃለን። እኛም እኮ የምንሄደው በሱው ነው።»

«ታዲያ ለምን አሚን ትላላችሁ?»

የመለሰልኝ ወንድሜ ነው። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «እማ ስትደውል ተመርቄ ወጣሁ እላታለሁ። ውሸት እንዳይሆንብኝ ነው።»

ጥፊ ባቀምሰው፣ ሙሳን ባንቀው፣ ሁሉንም አማረኝ። ሙሳ ግን ጊዜ አልሰጠኝም። እንደሱ ያለ ሰው ዝምታን መጠቀም ያውቃል። ከቶቡ ኪስ ፌስታል አወጣና ከአንዱ ጥግ ማደል ጀመረ። እኔን ፈርተው የሰበሰቧቸው እጆች ተመልሰው ተዘረጉ። መዳፋቸው ወደ ላይ፣ አሁን ለዱዓ እንደዘረጉት። ሙሐረምም ዘረጋ። ሀምዛም ዘረጋ። ሙሳ አደለ።

«ተቋርጧል፤ ከመጀመሪያው ድገመው» አለው ሙሐረምን። ሙሐረም ደገመው። ቃል አልዘለለም። እኔ ከመሐላቸው እንደቆምኩ ነበር፤ እንደ ዛፉ ግንድ ቆጥረው ግራና ቀኜ አሚን አሉ። «ያላ» አለ ሙሳ። ተነሱ። ሀምዛ ሲያልፈኝ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። እጁ ትኩስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አልተርክም። ተራራ ተራራውን እያየሁ የማማን ሳህን ሰበርኩ፤ ስድብ ሰማሁ፤ የሰማሁት ግን በአንድ ጆሮዬ ነው። ሙሐረምን አላናገርኩትም። ሩዙን ደፉ ላይ አስቀምጬለት እመለሳለሁ። ከመጋረጃው ወዲያ «ኑሬ» ይላል፤ አልመልስለትም። በሆዴ የምለውን ግን አላህ ይሰማል፤ ሀምዛ ገደል ከገባ ይሄን ሰውዬ በእጄ እንደምገድለው ነበር የምለው።

ሀምዛ ግን መጣ። አንድ ረፋድ ላይ፣ በሐውሹ በር፣ ከክብሮም ጋር። የእግሩ ቆዳ ተገሽልጧል፣ ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል። የያዝኩትን ጥዬ ሮጥኩ። አቀፍኩት፣ አገላብጬ ሳምኩት። እንደ ዕቃ ቆሞ ተሳመልኝ። ውኃ ልስጥህ አልኩት፤ አልሰማኝም። ትከሻዬን አልፎ ወደ ማደሪያው እያየ፣ «ሙሳ የት አለ?» አለኝ።

«ሙሳን ተወው። ና ተቀመጥ፣ እግርህን ልጠብህ።»

«ሙሳ የት ነው ያለው እቴ?»

የለም አልኩት። ማደሪያው ገብቶ ፍራሾቹን ገለበጠ። ወጣ። ግድግዳው ሥር ተቀመጠና የሱሪውን ኪስ ስፌት በጥፍሩ መፍታት ጀመረ፤ ስፌቱ ውስጥ የተረሳች ፍሬ ካለች ብሎ። ሐውሹ ውስጥ ያሉት ግን ደስታ ላይ ናቸው። የሙሐረም ዱዓ ደረሰ ይላሉ። መዳፍ ተገልብጦበት እንኳ ደረሰ ይላሉ። በድፍን ዓሪዳ የተወራው እንዲህ ነው፤ እኔ ራሴ የሙሐረምን ስም አገነንኩለት።

በዚያው ሰዓት እናቴ በኢሞ ደወለች። ክብሮም ለወሎዎቹ ልጆች ገባን ብሎ ጽፎ ወሬው ቀድሞኝ ባቲ ደርሷል።

«ሀምዛ ገባ አሉኝ» አለች። ስልኩ ተዘግቶባት ሰንብቶ ነበርና እያለቀሰች ነው።

«ገባ እማ።»

«አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ። የመረቁትን ሰውዬ አገናኚኝ።»

«አሁን የሉም።»

ሙሐረም ከኋላዬ ቆሞ ሰምቷል። እጁን ዘረጋ። ስልኩን መስጠት አልፈለግኩም፤ እናቴ ግን ድምፁን ሰማችና «እሳቸው ናቸው? ስጪያቸው እንጂ ልጄ» አለች። ሰጠሁት። በድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«አባቴ፣ አንቱን አላውቅዎትም» አለችው። «ልጄን በአፍዎ አውጥተው በአፍዎ መለሱልኝ። ዕድሜዎን ያርዝመው። ከሰው በታች አያድርግዎ። በሰው አገር ከመቅረት ይጠብቅዎ። ለሀገርዎ አፈር ያብቃዎ።»

ሙሐረም ባንድ እጁ ስልኩን ይዞ ሌላውን መዳፉን ከጉልበቱ ላይ ዘርግቶ «አሚን፣ አሚን» ይላል። እንባው በተኮማተረው ጉንጩ ይወርዳል። ስንቱን ሲመርቅ የኖረ ሰው ነው፤ እሱን ራሱን ሰው ሲመርቀው ግን እዚህ አገር አይቼ አላውቅም ነበር። ልቤ ሊራራ ምንም አልቀረውም።

እናቴ ቀጠለች። «አንድ የቀረኝ ትንሹ ልጄ አለ። ልሂድ ልሂድ እያለ አስቸግሮኝ፣ መንገዱን ፈርቼ ነበር የያዝኩት። እንግዲህ እርስዎ እዚያ ካሉ ምን እፈራለሁ? በዚህ ወር እለቀዋለሁ። እንደ ወንድሙ ይመርቁልኝ።»

«አሚን» አለ ሙሐረም።

አወቀው አላወቀው እንጃ። ምርቃት ይሁን ሌላ፣ ድምፁ ሲቆም አሚን ማለት ለምዷል። ስልኩን ከእጁ መንጭቄ ወሰድኩት።

«እማ፣ ትንሹን እንዳትለቂው።»

«ለምን? ምን ሆንሽ አንቺ? ወንድሙ በሰላም ገባ አላልሽኝም?»

ሀምዛ ግድግዳው ሥር ነው። የአንዱን ኪስ ስፌት ጨርሶ ወደ ሌላው ተሻግሯል። የእናቱ ድምፅ ሐውሹን ሞልቶት ቀና አላለም።

«አልገባም እማ» አልኳት። «ሀምዛ አልገባም።»